አሥራ ሰባት ጥቁር ገጾች

ሥርጉት ስትናደድ አትጮህም። ድምጿ እየቀነሰ ይሄድና በመጨረሻ የምትለውን ለመስማት ሰው ወደ እሷ ጎንበስ ማለት አለበት። መፍራት ያን ጊዜ ነው። ስድስት ዓመት አብሬያት ስሠራ አንድ ቀን እንኳ ጮክ ስትል አልሰማኋትም፤ ሆኖም ሥራ አስኪያጃችን ክንዱ በኮሪደሩ ጫፍ ሲያያት መንገድ ይቀይራል። ክንዱን በአፌ ‹እርስዎ› እለዋለሁ። በጽሑፍ ግን ከዚያች ሳምንት ወዲህ አንቱታውን አንስቼበታለሁና አንባቢ ባለጌ አይበለኝ።

ሥርጉት የይፋግ ልጅ ናት። አባቷ ድጓ ያስተምሩ ነበር፤ ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው ግን የእናቷ የሩዝ ማሳ ነው። አባቷ ተማሪ አንዲት የዜማ ምልክት ከሳተ ‹ግድ የለም፣ ቀጥል› ማለት አያውቁም፤ ከመጀመሪያው ያስጀምሩታል። እሷም ጓዳ ሆና ስትሰማ አድጋ፣ ማንም ሳያስተምራት ስሕተቱን ከተማሪው ቀድማ ትለይ እንደ ነበር ነግራኛለች። ባሕር ዳር መጥታ የኮምፒውተር ምሕንድስና ተማረች፣ አዲስ አበባ አራት ዓመት ሠራች፣ እናቷ ሲታመሙ ሁሉን ትታ ተመለሰችና እኛ ዘንድ ተቀጠረች። እናቷ ድነው ዛሬም ሩዛቸውን ያርማሉ፤ እሷ እዚሁ ቀረች። አላገባችም። ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም።

እኔ ፀደንያ እባላለሁ፤ የማዕከሉ ጸሐፊ ነኝ። እንግዳ እቀበላለሁ፣ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። ማዕከላችን ከሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ከሚጀምርበት አጠገብ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው፤ ሥራውም የደሴት ገዳማትን የብራና መጻሕፍት ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ነው። ፎቶው የሚቀመጥበት ሰርቨር በሥርጉት እጅ ነው። ስለ ኮምፒውተር የማውቀውን ሁሉ ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ዓሣ እየበላን።

ነገሩ የመጣው በአንድ መጽሐፍ ነው። ሴት ከማትገባበት ደሴት የመጣ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ያለው ተአምረ ማርያም። በደሴቱ ኤሌክትሪክ ስለሌለ ካሜራችንን ወስደን እዚያ ማንሳት አልተቻለም፤ መጽሐፉ ወደ እኛ መምጣት ነበረበት። የገዳሙ ማኅበር ሁለት ዓመት ተለምኖ ፈቀደ፤ የፈቀደውም የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ገበዙ አባ ወልደ ጻድቅ ‹እኔ በነፍሴ ዋስ ነኝ› ስላሉ ነው። ቃሉ አርባ ቀን ነበር። አርባው ቀን ሲሞላ መጽሐፉ ይመለሳል፤ ከተመለሰ በኋላ እኛ በሕይወት እያለን ዳግመኛ ከዕቃ ቤት አይወጣም። የደሴቱ ሥርዓት እንዲህ ነው፤ አንድ መጽሐፍ በአንድ ትውልድ ሁለት ጊዜ ውኃ አይሻገርም።

ፎቶውን የምታነሳው ሙሉነሽ ነበረች። የሰባታሚት ቄስ ልጅ ናት፤ በኮንትራት ነው የምትሠራው። አባ ወልደ ጻድቅ አርባውን ቀን ከመጽሐፉ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ እሷ እጇን ታጥባ፣ ገጹን ገልጣ፣ የካሜራውን ክዳን አንስታ ታነሳለች። ምስሉ በገመድ በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ምስል ከራስጌ እስከ ግርጌ ታየዋለች፤ ደህና ከሆነ የገጹን ቁጥርና ሰዓቱን በእርሳስ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ደብተሩን ማንም አላዘዛትም። ቄሱ አባቷ ያስተማሯት ነው፣ የሠራሽውን ጻፊ ብለው።

አርባው ቀን አለቀ። መጽሐፉ በሦስት ሻሽ ተጠቅልሎ በጀልባ ወደ ደሴቱ ተመለሰ። በሳምንቱ ቅጂው ለማኅበሩ ሊሰጥ ሲመረመር አሥራ ሰባት ገጽ ጥቁር ሆኖ ተገኘ። ፋይሉ አለ፣ ስሙ ትክክል ነው፣ መጠኑም እንደ ሌሎቹ ነው፤ ሲከፈት ግን እንደ ከሰል ጥቁር። መጠባበቂያው ቅጂ ከዚሁ ሰርቨር የተገለበጠ ነውና እሱም ጥቁር ነው።

ክንዱ ለመፍረድ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ‹ቀኑ ሲያጥርባት ክዳኑን ሳታነሳ ቁጥር ሞልታለች› አለ። አራት ሰው ያለበት ኮሚቴ አቋቋመ፤ ሊቀ መንበሩ ራሱ፣ ጸሐፊዋ እኔ። ሙሉነሽን ቤትሽ ተቀመጪ አሏት። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ውሳኔው እምነት ማጉደል የሚል የስንብት ደብዳቤ እንደሚሆን ሁሉም ያውቅ ነበር። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የያዘች የቄስ ልጅ በዚህ ከተማ ቢሮ ቀርቶ ሱቅ የሚቀጥራት አታገኝም፤ ሰባታሚት ብትመለስም ደብዳቤው ቀድሟት ይደርሳል። እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ቃለ ጉባኤውን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፍሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውሸት ነው፣ የእኔ ዝምታ ነቅዟል።

ሥርጉት ወሬውን የሰማችው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ኮሚቴው ወዳለበት ክፍል ሳታንኳኳ ገባች። ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በአንዱ ላይ፣ እሷ ራሷ ክዳኑን ሳታነሳ ያነሳችው ምስል በቁጥር ተተርጉሟል፤ ካሜራ ጨለማ ውስጥ እንኳ ሆኖ ጥቂት ጉድፍ ስለሚያይ ቁጥሮቹ አንድ፣ ሦስት፣ ዜሮ፣ ሁለት እያሉ ይዘበራረቃሉ። በሌላው ላይ ከአሥራ ሰባቱ የአንዱ ገጽ ቁጥር አለ፤ ከላይ እስከ ታች ዜሮ ብቻ። ካሜራ እንዲህ ያለ ንጹሕ ጥቁር አያነሳም፤ ይህ ያልተጻፈ ባዶ ቦታ ነው አለች። ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

ክንዱ ወረቀቶቹን በጣቱ ጫፍ ገፋቸው። የቁጥር ነገር ለኮሚቴ አይገባም፤ የሰርቨሩ መዝገብ ‹ሁሉም ተጽፏል› ይላል፤ አንድም ስሕተት አልመዘገበም። ‹ማሽን አይዋሽም፣ ሰው ነው የሚዋሸው› አለና ወደ እኔ ዞሮ ‹ጻፊው› አለኝ። ጻፍሁት።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ሰርቨሩ የተገዛው በክንዱ ፊርማ፣ የተመረቀው በክንዱ ንግግር ነው፤ ሙሉነሽን ለመምታት ግን ምንም አይጠይቅም። ሥርጉት ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ‹እስከ ዓርብ ጊዜ ስጡኝ› አለች። ሰጧት፤ የሰጧትም ስለ ፈሯት ነው።

በማግስቱ ምሳ ላይ ምን እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ፕሮግራሙ ምስል በመጣለት ቁጥር ‹ይህን ጻፍልኝ› የሚል ጥያቄ ፋይሉ ለዘለቄታው ወደሚቀመጥበት ዲስክ ይልካል። ዲስኩ ደግሞ በአንድ ጊዜ ጥቂት ነገር ብቻ ነው የሚችለው። ስለዚህ በመካከላቸው ድራይቨር የሚባል አለ፤ ጥያቄዎቹን ወረፋ አስይዞ፣ በተራቸው ወደ ዲስኩ ያስገባል፤ ዲስኩ ‹ጨርሻለሁ› ሲል ያንኑ ለላኪው ይመልሳል። የታክሲ ተራ አስከባሪ ማለት ነው አለችኝ። ተራ አስከባሪው አንዱን ተሳፋሪ ሳያሳፍር ‹ሄዷል› ብሎ ለቤተ ሰቡ ቢነግር፣ ሰውየው መነኸሪያ ቆሞ ቀርቶ ቤቱ ‹ደርሷል› ይባላል። መዝገቡም ‹ደርሷል› ይላል።

‹ታዲያ ሙሉነሽ ምስሉን በዐይኔ አየሁት የምትለው?› አልኋት። አይታዋለች፣ እሷ አልዋሸችም አለችኝ። ምስሉ ገና የሰርቨሩ ሚሞሪ ላይ ስላለ ስክሪኑ ከዚያ አምጥቶ ያሳያታል፤ ዲስኩ ላይ መጻፍ አለመጻፉን ስክሪኑ አያውቅም። በኋላ ሚሞሪው ለሌላ ሥራ ሲለቀቅ የሚቀረው ዲስኩ ላይ ያለው ብቻ ነው። ዲስኩ ላይ ደግሞ ምንም የለም። ያች ልጅ ስትምል ስትገዘት ‹አየሁት› ያለችው እውነት ነበር፤ እኔም ‹ተከሳሿ አየሁት ትላለች› ብዬ በጽሑፍ ስቄባታለሁ።

ሥርጉት ጥፋተኛው የዲስኩን ሣጥን ከነድራይቨሩ ያቀረበልን የአዲስ አበባ ድርጅት እንደ ሆነ ጥርጥር አልነበራትም። ደወለችላቸው። ስልኩን ያነሳው ባለሙያ ትሑት ሰው ነበር፤ እሷ ግን ዕቃችሁ ውሸታም ነው፣ እናንተም እንደ ዕቃችሁ ናችሁ አለችው። ሰውየው ታግሦ ድራይቨሩን ነካክታችሁታል ወይ ብሎ ጠየቃት። «ያሻሻልሁት እንጂ ያበላሸሁት የለም» አለችና ዘጋችበት። እኔ አጠገቧ ነበርሁ፤ ጥሩ አደረግሽ አልኋት።

ከዚያ ስሕተቱን ለማስደገም ተቀመጠች። የሙሉነሽን ሥራ የሚመስል ፕሮግራም ጻፈች፤ በየሁለት ደቂቃው እንደ ገጹ ያለ ከባድ ምስል ይልካል፣ ሚሞሪውን ያጠራል፣ ከዲስኩ መልሶ ያነብባል፣ ያመሳክራል። ማክሰኞ እስከ ማታ ሠራ፤ ሁሉም ደህና። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሠራ፤ ሁሉም ደህና። እሷ ጥርሷን ነክሳ ‹ይኼ ድራይቨር ስመለከተው ጨዋ ይሆናል› አለችኝ። ዲስኩን ቀየረች፣ ገመዱን ቀየረች፣ የመብራቱን ማረጋጊያ ሳይቀር ቀየረች። ክንዱ በበሩ ሲያልፍ ‹እንዴት ነው፣ ማሽኑ አልናዘዝ አለ?› ይላል። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት። ሥርጉት ቀና ብላ አታየውም ነበር፤ ያዳነው ይኼ ነው።

ለውጡ የመጣው ሐሙስ ነው፤ ያመጣውም ራሱ ክንዱ። ምርመራ አለ ተብሎ የእንግዳ አዳራሹ ከሰኞ ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን አለ፤ እንግዳ በጣቱ እየነካ የብራናውን ገጽ ይገልጣል፣ በገጹ ራስ የተሣለውን ሐረግ አጉልቶ ያያል። ሐሙስ ጠዋት ስምንት ልዑካን መጡና ክንዱ አዳራሹን አስከፈተ። ተቀበልኋቸው፣ መዝገቡ ላይ አስፈረምኋቸው። አንዱ ባለ ከረባት እንደ ሕፃን እየሣቀ ገጽ ሲገልጥ፣ ሲያጎላ፣ ሲመልስ፣ ሌሎቹም ተራ ሲሻሙ አርፍደው ሄዱ።

ከቀትር በኋላ ሥርጉት ወደ እኔ መጣች። «ዛሬ ከሦስት ሰዓት ከሩብ እስከ አራት ምን ነበር?» አለችኝ። ድምጿን ለመስማት ጎንበስ አልሁ። እንግዳ ነበር አልኋት። «መዝገቡን ስጭኝ» አለች።

በሁለት ቀን ያልጠፋ ምስል በዚያች አርባ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስቱ ጠፍተው ነበር። የእንግዳ መዝገቡንና የሙሉነሽን የእርሳስ ደብተር ጎን ለጎን አስቀመጥን። እሷ ከደብተሩ የጠቆረውን ገጽ ሰዓት ታነብባለች፤ እኔ ከመዝገቡ የእንግዳውን ሰዓት እፈልጋለሁ። ገጽ ስድሳ አንድ፣ እንግዳ አለ። ገጽ መቶ ሠላሳ፣ እንግዳ አለ። ገጽ ሁለት መቶ ስምንት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ላይ ጠፍቷል፤ በዚያው ቀን አራት ሰዓት ከዐሥር ላይ አንድ ትልቅ ሰው ስክሪኑን አይተው ሲወጡ መዝገባችን ላይ ‹ለትውልድ የሚተርፍ ሥራ› ብለው ጽፈው ፈርመዋል። ገጹ እሳቸው ብዕራቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሞቶ ነበር። ለአሥራ ሰባቱም ገጽ አሥራ ሰባት ጊዜ እንግዳ አለ። መዝገቡን ሐይቁ ውስጥ ልወረውረው አምሮኝ ነበር።

ሥርጉት ወደ ክፍሏ ሄደች፤ ተከተልኋት። የድራይቨሩን ኮድ ከፈተች። እንግዳ ሲኖር የሚለወጠው ምንድን ነው ብላ ወረፋው ወዳለበት የኮዱ ክፍል ወረደች። እዚያ አንድ ደንብ ተጽፏል፤ ከአዳራሹ ስክሪን የመጣ ጥያቄ ከሁሉም ይቅደም። እንግዳው ገጽ በገለጠ ቁጥር በመቶ የሚቆጠር ‹አንብብልኝ› ይመጣል፤ ሁሉም ከፊት ይሰለፋል፤ የሙሉነሽ ‹ጻፍልኝ› ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ይገፋል። ከእሱ በታች ሌላ ደንብ አለ፤ ሠላሳ ሰከንድ ተራ ያልደረሰው ጥያቄ ከወረፋው ይውጣ። ይህ እንኳ በየትም ያለ ነው አለችኝ፤ ሲወጣ ላኪው ‹አልተሳካም› ይባልና እንደገና ይልካል። የሚቀጥለውን መስመር ግን ሦስት ጊዜ አነበበችው። መስመሩ የሚመልሰው ‹ተፈጽሟል› ነበር። ከጎኑ ‹ለጊዜው› የሚል ማስታወሻ አለ።

የማን ሥራ ነው አልኋት፤ ያን የአዲስ አበባ ሰው እንደገና ለመርገም ተዘጋጅቼ ነበር። ማን መቼ ምን እንደ ለወጠ የሚያሳየውን ዝርዝር ከፈተችና ጣቷን ስሟ ላይ አደረገች። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በምረቃው ዕለት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል።

እኔም ትዝ አለኝ። ያን ጠዋት ስክሪኑ ይንቀራፈፍ ነበርና ክንዱ እያላበው መጥቶ እንግዳ ቆሞ ገጽ ሊጠብቅ ነው ወይ አላት። እንግዳን አስቀደመች። ደስ ብሎት ሲሞክረው ደግሞ ‹መጻፍ አልተሳካም› የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ በዚያ ግድግዳ በሚያህል ስክሪን ላይ ብቅ አለ። እንግዳ ፊት ገመናችን ይውጣ ወይ ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ። እሷም ማስጠንቀቂያው እንዳይመጣ ለዚያች ቀን ብቻ ብላ ‹አልተሳካም› የሚለውን ‹ተፈጽሟል› አደረገችው። የፈጀባት ሃያ ደቂቃ ነው። ምረቃው አማረ፤ እኛም አጨበጨብን፤ ለእሷም የምስክር ወረቀት ተሰጣት። ቤት ሙሉ ሰው ተርቦ ለእንግዳ ሲቀርብ እያየን ያደግንበት ነገር ነውና ማንም ምን ጠፋ ብሎ አልጠየቀም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ የጣለችው ግን የራሷን አይደለም።

ስድስት ዓመት ሌላው ሰው ላይ ሲወርድ ያየሁት ቁጣ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት ሥርጉት ፊት ላይ ቆሞ ቀረ። ስልኩን አንስታ ለዚያ ባለሙያ ደወለች፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ አለችው። ቀጥላ መስመሩን አስተካከለች፤ የእንግዳውንም ቅድሚያ ሰረዘችው። ሁለቱም አንድ ላይ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። በአምስት ደቂቃ የሚታረም ነገር የሰው ስም ሲበላ ከረመ።

ክንዱ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ነጣ። ወዲያው ደግሞ መፍትሔ አገኘ። የዚያኑ ዕለት በአሥራ አንድ ሰዓት ቢሮው ጠርቶን በሩን ዘጋና መብራት ነው እንበል አለ። ጢስ ዓባይ አፍንጫችን ሥር ሆኖ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚሄድብን ማን አያውቅም? መብራት ሄደ፣ ገጾቹ ጠፉ፤ ማንም አይጠየቅም፤ ሙሉነሽም በማስጠንቀቂያ ትታለፋለች። ይህን ሲል በእውነት ለሁላችንም ውለታ የዋለ መስሎት ነበር።

«ማስጠንቀቂያው ለምኗ ነው?» አለች ሥርጉት። ‹ለሥርዓቱ ያህል› አላት። «እርስዎ አዘዙኝ፣ እኔ ጻፍሁት» አለች። «እሷ ያጠፋችው የለም። ነገ ይኼንኑ እናገራለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሥርጉት ቆማ ከወረፋው እስከ ‹ለጊዜው› ድረስ ያለውን ተናገረች፤ ስሟ ያለበትን ገጽ አትማ አመጣች። ሲያልቅ ክንዱ ከማኅደሩ አንድ ወረቀት አወጣ። የሙሉነሽ የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ ረቡዕ ዕለት፣ ሥርጉት ገመድ ስትቀይር፣ ብቻዋን አስጠርቶ ያስፈረማት። ‹ክዳኑን ሳላነሳ ቀርቼ ሊሆን ይችላልና ይቅርታ እጠይቃለሁ› ይላል። ክንዱም ራሷ ካመነች እኛ ምን እንከራከራለን፣ ቴክኒኩን ለብቻው እናየዋለን አለ።

እኔ ብዕሬን አስቀመጥሁ። በዚህ መሥሪያ ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት የተባልሁትን ጽፌያለሁ። ያን ቀን ግን ሥርጉት ያለችውን ቃል በቃል፣ ክንዱ ትናንት በር ዘግቶ ያለውንም የመብራት ነገር ሳይቀር እንደምጽፍ፣ ካልሆነ ሌላ ጸሐፊ እንዲፈልጉ ነገርኋቸው። ሌሎቹ ሁለት አባላት እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ አንደኛው ወረቀቱ ይቀደድ አለ። የስንብቱ ነገር ተሰረዘ፤ ወደ ሥራዋ ትመለስ ተባለ። ለአባ ወልደ ጻድቅም ተደወለላቸው። እሳቸው ሁሉን ሰምተው ‹አሥራ ሰባቱ ገጽ በመጽሐፉ ላይ አለ፤ የጠፋው ከእናንተ ዘንድ ነው፤ መጽሐፉም አይወጣም› አሉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ልጅቷ ደህና ናት ወይ። ከእኛ ወገን ይህን የጠየቀ ማንም አልነበረም።

ውሳኔውን ለሙሉነሽ ለመንገር ሥርጉትና እኔ በባጃጅ ወደ ሽምብጥ ሰፈር ሄድን። አንድ ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። በሩ ክፍት ነበር። ወለሉ ላይ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ልትነሳልን ሞከረችና ተወችው። ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ ገለጥ ብሎ ነበር፤ ጉልበቶቿ አብጠው ቆዳቸው ተልጧል። ማን መታሽ ልላት ነበር፤ ግንባሯም እንደዚያው ተልጦ ሳይ ገባኝ።

ሥርጉት አልተቀመጠችም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ምስሎቹን አንስተሻቸው ነበር፣ ያጠፋቸው እኔ የጻፍሁት መስመር ነው አለች። ሰኞም ወደ ሥራ ትመለሻለሽ አለቻት።

«እኔኮ ምስሉን ባይኔ አይቸው ነበር» አለች ሙሉነሽ። «ማሽን አይዋሽም ሲሉኝ፣ ያው ዐይኔ ነው የዋሸኝ አልሁ። ማክሰኞ ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ፣ ያላነሳሁትን አነሳሁ ብዬ የእመቤታችንን መጽሐፍ አጉድያለሁ አልኋቸው። ለየገጹ አርባ አንድ ስግደት ሰጡኝ።»

አሥራ ሰባት ጊዜ አርባ አንድ። ሥርጉት በልቧ እንዳባዛችው ከፊቷ አየሁት።

«ቅዳሜና እሑድ አይሰገድምና ሳይገባብኝ ትናንት ጨረስሁት» አለች ሙሉነሽ። «አሁን ስግደቱ የማን እንደ ነበር ንገሪኝ።»

ሥርጉት «የኔ» አለች። እንደ ወትሮዋ ዝቅ ብላ ስለ ተናገረች ሙሉነሽ አልሰማችም። ደግማ አለችው፤ አሁን ግን መላው ግቢ በሰማው ድምጽ። የአከራይዋ ውሻ ጮኸ።

ሙሉነሽ ራሷን ነቀነቀች። ልትነሳ ብላ ጉልበቷ እምቢ ሲላት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ሥርጉት ይዛ አነሳቻት። ቀጥ ብላ መቆሟን እስክታረጋግጥ ድረስ ሙሉነሽ እጇን አልለቀቀችም ነበር። ከዚያ ግን ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀችና፣ ግድግዳውን ይዛ፣ ወደ እኛ ሳትዞር ከመጋረጃው ጀርባ ገባች።